የጭነት ቋጠሮ

ነፋሱ ከበረሃው ተነስቶ አሸዋ እየዘራ ባሕሩ ላይ ሲወርድ፣ ትንሿ ባለሸራ ጀልባ በአንድ ጎኗ ተኛች።

«ኃይሌ፣ ሸራውን ልቀቀው!» ሙናዊር መሪውን ታቅፎ ጮኸ።

ኃይለልዑል ገመዱ ላይ ተደፋ። ያሰረው እሱ ራሱ ነው። መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ አጠገብ፣ ሱቃቸው ጎን ለጎን ነው፤ እሱ የጭነት መኪና ሸራ ሰፍቶ ያስራል፣ ሙናዊር ዕቃ ያስመጣል። ሙናዊር ጅቡቲ ላይ ጀልባዋን ገዛ፤ ኃይለልዑል ሸራዋን ሰፋላት፤ በባሕሩ ዳርቻ ሊዝናኑባት ወጡ። ታጁራ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አድረው ጎህ ሲቀድ ስልክ ተደወለ። ሙናዊርን እንደ እናት ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ጠሂራ ራቅ ባለችው የወደብ ከተማ ኦቦክ እያጣጣረች ስሙን ትጠራለች። የመኪናውን መንገድ ጎርፍ ቆርጦታል። ነፋሱ ካልከዳ እኩለ ቀን ሳይሞላ በባሕር ይደርሳሉ።

«በአንድ ጉተታ የሚፈታ አድርገህ እሰረው» ብሎት ነበር ሙናዊር፣ ከታጁራ ሲነሱ።

«እኔ ያሰርኩት ሸራ ጎጃም ሳይደርስ አይፈታም!» ብሎ ሳቀበት። ደራርቦ ቋጠረ፤ በእግሩ ረግጦ አጠበቀ።

አሁን ቋጠሮው ውሃ ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል። በጥፍሩ ቧጠጠው፤ በጥርሱ ነከሰው። ማዕበሉ ዘሎ ገባ፤ ለመጠባበቂያ የተገጠመችው ሞተርም አንዴ እንደ ሳል አድርጓት ጠፋች።

«በቢላ ቁረጠው!»

ቢላውን እስኪያገኝ የሸራው ምሰሶ ቀደመው። ከወገቡ ተሰብሮ፣ ከነሸራው ባሕር ገባና ጀልባዋን ወደ ታች ይጎትታት ጀመር። ኃይለልዑል አማተበና ቢላውን ይዞ ዘለለ። አንገቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ሆኖ ገመዱን ሲገዘግዝ፣ ጥቁር ክንፍ ማዕበሉን ሰንጥቆ ዞረው።

«ሻርክ ነው! ውጣ አንተ ሰውዬ!»

የመጨረሻው ክር ተበጠሰ። ሙናዊር በሸሚዙ ኮሌታ ጎትቶ ጀልባዋ ላይ ጣለው። ሸራው ጥልቁ ውስጥ ሰመጠ።

ከዚያ ወዲያ መቅዘፍ ብቻ ሆነ። ፀሐይዋ አናታቸው ላይ ወጣች፤ አዘቀዘቀችም። መዳፋቸው ተላጠ።

«ኃይሌ» አለ ሙናዊር፣ ዞር ሳይል፤ «ጎጃም ደረስን እንዴ?»

ኃይለልዑል መሳቅ አቃተው። የሚጸልየው ነፍሱ ስለተረፈች አልነበረም፤ ጠሂራ እንድትቆይ ነበር።

ኦቦክ ሲደርሱ ጀንበር እየጠለቀች ነው። የጠሂራ ልጅ ኢማን አሸዋው ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«አጎቴ፣ ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ቀበርናት። እስከ እኩለ ቀን በሩን በሩን ስታይ ነበር።»

መቃብሩ ዘንድ ሙናዊር ዱዓ አድርጎ እስኪጨርስ ኃይለልዑል ጫማውን አውልቆ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ።»

«ቀኗ ነው ኃይሌ። አላህ የጻፈውን ቋጠሮ አያዘገየውም።» የመቃብሩን አፈር በመዳፉ ዳበሰ። «ድምፅዋን መስማት ግን እፈልግ ነበር።»

ዓሣ አጥማጆች ምሰሶ ተከሉላቸው፣ አሮጌ ሸራም ሰጧቸው። ሲመለሱ ሙናዊር ገመዱን አንስቶ አቀበለው። ኃይለልዑል አሰረ። ጫፉን ሳብ ሲያደርገው ተፈታ። እንደገና አሰረው፤ እንደገና ሳበው፤ ተፈታ።

እንዲህ ቀላል ነበር።