የጃፓኗ ሴት ጥለት

ፈጥሬ የምጽፍ ቢሆን ኖሮ የተሻለ አስፈሪ ቦታ እመርጥ ነበር። የሆነው ግን አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

እኔ ከጨንቻ የመጣሁ ሸማኔ ነኝ። እህቴ ሜሮን እሑድ ልትዳር ነው።

ለሠርግ ቀሚሷ የተመኘችው ጥለት የነበረው በአከራያችን በእትዬ እጅጋየሁ ሳሎን ውስጥ ነው... ሥዕል ላይ።

በእንጨት ተቀርጾ ወረቀት ላይ የታተመ የጃፓን ሥዕል ነው። ቆንጆ ሴት። ነጭ አንገት፣ ትንሽ አፍ፣ ማዕበል ማዕበል ያለበት ሰማያዊ ልብስ። ዓይኗን ሰበር አድርጋለች።

«ሟቹ ባለቤቴ ናቸው ያመጧት» አሉ እትዬ። «እኔን አንድ ቀን በደህና ዓይን አይታኝ አታውቅም።»

«ላንድ ሳምንት ልዋሳት?»

«ውሰዳት። እንዳትመልሳት።»

በእኛ ቤት ሕግ የሰው ጥለት ሲቀዳ ለባሹ ይጠየቃል። «ልቅዳ?» ትላለህ፣ «ቅዳ» ይልሃል።

ወረቀት ማን ይጠይቃል?

ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ ሰቀልኳትና ሽመናዬን ጀመርኩ።

አንድ ማዕበል ሸመንኩ... ከልብሷ ላይ አንድ ማዕበል ጠፋ።

ፀሐይ ነው አልኩ።

ሌላ ሸመንኩ... እሱም ጠፋ።

ቀና ስል ሥዕሏ ዓይኗን አንስታ ታየኛለች። ገበያ መሃል ሌባ እንደሚታየው።

ብልህ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ሠርግ አለብኝ። ጨረስኩት።

ቀሚሱ ተሰፍቶ መጣ። ሜሮን ለበሰችውና ወዲያው አንገቷን ያዘች።

«ያንቀኛል» አለች በሹክሹክታ።

«ልብስ ሰፊው አጥብቦት ነው።»

«አንገቱማ ሰፊ ነው፣ አንተ ሞኝ... እጅ ነው የሚመስለው።»

አወለቀችው። መታነቋ ግን አልቀረም። ጓዳ ገብታ ተኛች፤ ትንፋሿ እያፏጨ እዚህ ድረስ ይሰማል።

ሥዕሏ ፊት ቆምኩ።

«ሳልጠይቅሽ ወሰድኩ» አልኳት። «ይኸው፣ እመልሳለሁ።»

ስፌቱን ፈትቼ ማጉን መዘዝኩ። ልብሷ ላይ አንድ ማዕበል ተመለሰ።

ከጓዳ «እፎይ... ተሻለኝ» አለች ሜሮን።

ደስ ብሎኝ ቶሎ ቶሎ መዘዝኩ።

ከዚያ የሚመዘዘው ክር ሰማያዊ መሆኑ ቀረ። ጥቁር ነው። ቀጭን። እኔ እንዲህ ያለ ክር አላስገባሁም።

«ታምሩ...» አለች ሜሮን።

«እ?»

«ፀጉሬን ማን ነው የሚስበኝ?»

እጄን ከክሩ ላይ አነሳሁ።

ክሩ ግን አላቆመም... ከቀሚሱ እየተመዘዘ፣ በወለሉ ላይ እየሄደ፣ ግድግዳውን መውጣት ጀመረ።

ወደ ሥዕሏ ሴት።