ዘመድ እያለ ሆቴል

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ሰፈር፣ እንደ እኔ ፎርም የሚሞላ ሰው የለም። አስራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ብቻ ነው። ግን የሰፈራችንን ሽማግሌዎች የኢንሹራንስ ወረቀት የምሞላው እኔ ነኝ፤ እስካሁን አንድም ስህተት ተገኝቶበት አልተመለሰም። የእህቴን የራኬብን ትዳርም ያቃናሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ራኬብ ሁለት ሺፍት ነው የምትሠራው። ጠዋት ፓሳዴና ከተማ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች፣ ከሰዓት ፌርፋክስ ምግብ ቤት ታስተናግዳለች። ቆማ ትተኛለች ብል አላጋነንኩም። አንድ ቀን በፒኮ መስመር አውቶቡስ ወደ ሁለተኛው ሥራዋ ስትሄድ ጭንቅላቷ ወደ ጎን ወደቀ። ያረፈው የአንድ የዚህ አገር ወታደር ትከሻ ላይ ነበር።

ስትነቃ በመስኮቱ ባሕር ታያት።

«ውይ! ፌርፋክስን አለፍነው እንዴ?»

«ቆየ» አላት፣ በአማርኛ። «እኔም እዚያ ነበር የምወርደው።»

«ታዲያ ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

ልጁ መለዮውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረ። «አሳዘንሽኝ።»

ስሙ ተክለብርሃን ነው፤ እኛ ተክሌ እንለዋለን። ከዚያ በኋላ እረፍት ባገኘ ቁጥር ከካምፑ ሦስት ሰዓት ድራይቭ አድርጎ ይመጣል። ምግብ ቤቱ ጥግ ተቀምጦ ሺፍቷ እስኪያልቅ ይጠብቃታል። ሰሃን ተሸክማ ስታልፍ ቀና ይላል፤ እሷም ታየዋለች። በቃ። ለወሬ ሁለቱም አቅም የላቸውም። አጠገቡ ስትቀመጥ ደግሞ ወዲያው እንቅልፍ ይወስዳታል።

«ፍቅር እንዲህ ከሆነ እኔ ፍራሽ ይበቃኛል» አልኳት።

«ዝም በይ፣ አንቺ ባለጌ!»

በዓመቱ ሽማግሌ ላከ፤ ተጋቡ። ወዲያው ደግሞ ወደ ጀርመን ተዛወረ። የወታደር ቤተሰብ ውጭ አገር ሲዛወር ቋሚ ቤት እስኪያገኝ ድረስ የሆቴል ይከፈልለታል፤ ጊዜያዊ የማረፊያ አበል ይሉታል። ለእሱም ፎርም አለው። ተክሌ ልምምድ ላይ ስለነበር ራኬብ ልትሞላው ተቀመጠች። ሁለተኛው መስመር ላይ እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ። እንቅልፍ!

ወረቀቱን ሳብ አደረግኩት። «ስትደርሱ ዘመድ ቤት ታርፋላችሁ?» ይላል። እማዬን ጠየቅኳት።

«ሸዋረጋ ፍራንክፈርት እያለች? የአጎቴ ልጅ እያለች? ዘመድ እያለ ሆቴል መግባት ነውር ነው! አዎ በይ።»

አዎ አልኩ። የእትዬ ሸዋረጋን አድራሻም አሳምሬ ጻፍኩ። ተክሌ ሲመጣ ሳያነብ ፈረመ። አምኖኝ።

መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ፤ ዘመድ ቤት ለሚያርፍ የሆቴል አበል የለም። እማዬ ፍራንክፈርት ደወለች።

«ኧረ ሙሉነሽ፣ እኔ ራሴ ሰው ቤት ሶፋ ላይ ነው የማድረው» አሉ እትዬ ሸዋረጋ።

በጦሩ ደንብ ማረፊያ ከሌለ ደግሞ ሚስት አትሄድም።

«ቢሮው ነው ያበላሸው» አልኩ ቶሎ ብዬ። ማንም አልተከራከረኝም። ራኬብ የታሸገ ሻንጣዋን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋችና ሽርጧን ይዛ ወጣች።

ተክሌን ወደ ኤርፖርት ስንሸኘው ከኋላ ወንበር አጠገቡ ተቀመጠች። ራሷን ትከሻው ላይ አደረገች። ያን ቀን ግን አልተኛችም።

ከዚያ በኋላ የስልክ ወሬያቸው እያጠረ መጣ። እሱም ይደክመዋል፤ እሷም ትደክማለች። «በላሽ?» «በላሁ። አንተስ?» ከዚያ «ደህና እደር»።

አንድ እሁድ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሔርሜላ፣ ምናልባት እሱ ይሆናል ፎርሙን እንደዚያ ያደረገው። ብቻውን መሄድ ፈልጎ።»

«እንዴ! ምን ነካሽ?»

«ደክሞኛል። ዛሬ ስልኩን አላነሣም።»

ስልኩ ጮኸ። አላነሣችም። ደግሞ ጮኸ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ አዎ ያልኩት። አንቺ ተኝተሽ ነበር፣ እሱም አላነበበውም።»

ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን አነሣች።

«ተክሌ፣ ፎርሙን ያበላሸችው ሔርሜላ ናት።»

«አውቃለሁ» አለ፤ ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል። «የእጅ ጽሕፈቷን አይቼዋለሁ። ማስተካከያ ካስገባሁ አራት ሳምንቴ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልጅ ናት፣ አሳዘነችኝ።»

ራኬብ አፏን በመዳፏ ያዘች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም።

የመሄጃ ፈቃዷ በመስከረም መጣ። ኤርፖርት የሸኘናት እኔና እማዬ ነን። አንዱን ሻንጣዋን ሚዛኑ ላይ ስታወጣ ጠጋ አልኳት።

«አየሽ አይደል? እኔ እውነቱን ባልናገር ኖሮ ትዳርሽ ፈርሶ ነበር።»

ዞር ብላ እንኳን አላየችኝም።

«አንቺ ፎርሙን ባትነኪው ኖሮ በሐምሌ ሄጄ ነበር። ያንን ሻንጣ አቀብይኝ።»