የአንሴልም ምላስ

አንሴልም ቱርናድ የሞተው በራሱ ቤት፣ በምግብ ጠረጴዛው ራስጌ እንደተቀመጠ ነው። ናፕኪኑ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ነበር። ፊት ለፊቱ ሁለት የቀይ ወይን ጠርሙሶች ቆመዋል፤ አንደኛው የሱፐርማርኬቱ የራሱ ምርት፣ ሌላው የመንደሩ ወይን ጠማቂዎች ማኅበር። ብርጭቆው ባዶ ነው፤ ከታቹ ግን ነጭ ዝቃጭ ቀርቷል።

መርማሪ ሲልቬት ቫሲየር ሟቹን በሕይወት እያለ አግኝታው አታውቅም፤ ወይን የምትገዛው ግን በእሱ ምክር ነበር። በደቡብ ፈረንሳይ በካርካሶን ከተማ ዙሪያ ያለ ደሞዝተኛ ሁሉ እንዲሁ ነው። በየመስከረሙ ሱፐርማርኬቱ የወይን ሽያጭ ሳምንቱን ሊከፍት ሲል፣ አንሴልም ከአምስት ዩሮ በታች ከሚሸጡት ቀይ ወይኖች አንዱን መርጦ በአካባቢው ጋዜጣ ላይ ይጽፋል። ያመሰገነው ወዲያው ተሸጦ ያልቃል፤ የነቀፈው መደርደሪያው ላይ አቧራ ይለብሳል። አንድ ሰው ወይን የሚለይ ምላስ ስላለው ብቻ እንዲህ መፈራቱ ሲልቬትን ያናድዳት ነበር፤ እየተናደደችም ቢሆን ትገዛለች።

ሐኪሙ ከመታጠቢያ ቤት ያገኘውን ባዶ ብልቃጥ አሳያት። «የራሱ የልብ መድኃኒት ነው። ፈጭተው ወይኑ ውስጥ ጨምረውለታል፤ እሱም እስከ መጨረሻው ጨልጦታል።»

«ይመራል?»

«እንደ ኮሶ!»

ሲልቬት ባዶውን ብርጭቆ ደግማ አየችው።

ዐቃቤ ሕጉ ግን ጊዜ ማጥፋት አልፈለገም። ምሳ ላይ ከሟቹና ከሚስቱ ሌላ ሁለት እንግዶች ነበሩ፤ የሱፐርማርኬቱ የወይን ክፍል ኃላፊ ኬርብራና የማኅበሩ ሊቀመንበር ፊርማን ካዛል። አንሴልም በሁሉም ፊት የማኅበሩን ወይን «ውሃ ነው» ብሎታል። ማኅበሩ ዘንድሮ ካልሸጠ ይዘጋል። «ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ ዐቃቤ ሕጉ በስልክ። ፊርማን ያን ሌሊት እስር ቤት አደረ።

ሲልቬት በማግስቱ ከሚስትየው ጀመረች። ማዳም ኦዲል ወጥ ቤቷ ውስጥ እጆቿን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«ወይኑን ማን ነበር የሚቀዳው፣ ማዳም?»

«ሁላችንም። ጠርሙሱ ይዞር ነበር።»

«መድኃኒታቸውስ?»

«መታጠቢያ ቤት ነው የሚቀመጠው። እጁን የታጠበ ሁሉ ያየዋል።»

«ምግብ ላይ አስቸጋሪ ነበሩ? እንዲህ ያለ ምላስ ይዘው...»

«ያቀረብኩለትን ይበላል» አለች ኦዲል። «ይህን ያህል ዓመት በትዳር የኖረ ሰው ስለ ሾርባ ምን ይላል ብለሽ ነው?»

ኬርብራን ያገኘችው ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ነው። ከወይን ካርቶኖቹ መካከል አንሴልም በሰው ቁመት ልክ በታተመ ፎቶግራፍ ቆሞ ፈገግ ይላል።

«ይህ ፎቶ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከዘንድሮ። በደቡብ ባሉት ሱቆቻችን ሁሉ ይቆማል። ሲያየው እንዴት ደስ እንዳለው! ነፍሱን ይማር።»

«የናንተን ወይን እስከመረጡ ድረስ ነው የሚቆመው?»

«እሱማ... እንግዲህ ነገሩ ይገባዎታል።»

«ይገባኛል። የናንተን ጠርሙስ አሸተትኩት፤ የረጠበ ካርቶን ይሸታል።»

ኬርብራ ቀላ። «ቡሹ አበላሽቶት ነው። አንዳንዴ አንድ ጠርሙስ እንዲህ ይሆናል።»

«ታዲያ ሌላ ይከፈት አላሉም?»

«አንሴልም ቱርናድ ቀምሶ 'የዓመቱ ምርጥ' ሲል እኔ ማን ነኝና? ጉንፋን ይዞኝ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።»

ፊርማን እስር ቤት ውስጥ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። «አልገደልኩም ብል ታምኚኛለሽ? አታምኚም። ሂጂ።»

«የኬርብራ ወይን መበላሸቱን አውቀው ነበር?»

አሁን ዞረ። «እንዴት አላውቅ! ገና በር ላይ ነው የሸተተኝ።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«ስንት ዓመት ደጅ የጠናሁት ሰው ነው! ደጅ ጠኚ ይከራከራል? የኔን ውሃ አለው፣ ያንን ምርጥ አለው። በገዛ ወይኔ ተጠራጠርኩ፤ ከዚህ የባሰ ውርደት አለ?»

«ማዳም ኦዲልስ ምን ትል ነበር?»

«እሷ ምን ትላለች? ሌላ ጊዜ ዳቦ እየቆረሰች ከብርጭቆው አጠገብ ታስቀምጥለታለች፤ ከሥሩ አትጠፋም። ትናንት ግን ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።»

«ከየትኛው ብርጭቆ አጠገብ?»

«ከሚመርጠው አጠገብ ነዋ።»

«ከመምረጣቸው በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት...» አለ ፊርማን ከተቀመጠበት እየተነሳ።

ከሰዓት በኋላ ሲልቬት ፊርማንን ከእስር ቤት አስመጥታ ሦስቱንም ያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ወጥ ቤት ገብታ ከትናንቶቹ ሁለት ጠርሙሶች አንድ አንድ ብርጭቆ ወይን ቀድታ መጣችና ከፊቷ አስቀመጠች።

«ብልቃጡን ሁላችሁም ልታገኙት ትችሉ ነበር» አለች። «ብርጭቆውንም እንዲሁ። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ሙሴ ኬርብራ፣ ኮሶ የሚያህል መራራ ነገር በእሳቸው ወይን ውስጥ ለመጨመር ይደፍሩ ነበር?»

«ምን ነካዎት! ገና ከንፈሩን ሲነካው ተፍቶት ያስይዘኝ ነበር።»

«እርስዎስ፣ ሙሴ ፊርማን?»

«ያንን ምላስ? ኧረ ወዲያ!»

«አያችሁ? ሁለታችሁም በምላሳቸው ታምናላችሁ። የሚያምን ሰው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ይህን ያደረገው ምላሳቸውም አፍንጫቸውም መሞቱን የሚያውቅ ሰው ነው። ሙሴ ኬርብራን ለማስደሰት ቢሆን ኖሮ ሌላ ጠርሙስ አስከፍተው ያንን ባመሰገኑ ነበር። የተበላሸውን ያመሰገኑት መበላሸቱ ስላልታወቃቸው ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓመት የቀመሰላቸው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ትናንት ያ ሰው ዳቦውን አላስቀመጠም።»

ሲልቬት በቀኝ እጇ አንዱን ብርጭቆ አነሳችና አፍንጫዋን ሸበሸበች።

«ይኸው የማኅበሩ ወይን። ውሃ ነው ያሉት እውነታቸውን ነው፤ ጭራሽ ይሸታል። እንዲህ ያለውን የሚጠምቅ ማኅበር ቢዘጋ ማን ይጎዳል?»

«ያ የማኅበሩ አይደለም!»

ኦዲል ብድግ ብላለች። «ከዚህ ሆኜ ይሸተኛል፤ ቡሽ ያበላሸው የኬርብራ ነው! የፊርማን ወይን በግራሽ ያለው ነው፤ ዕንጆሪ ዕንጆሪ የሚለው...» ብርጭቆዎቹ ላይ ምንም ምልክት አልነበረም።

ሲልቬት ደስ አላላትም። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ከሱፐርማርኬት ወይን ስታነሳ ያመነችው የዚህችን ሴት ምላስ ኖሯል።

«ከዓመታት በፊት አንድ በሽታ ምላሱንና አፍንጫውን ከገደለው ወዲህ ሙቅና ቀዝቃዛ ብቻ ነበር የሚለየው» አለች ኦዲል እየተቀመጠች። «እኔ እቀምሳለሁ፣ ዳቦውን አስቀምጣለሁ፤ እሱ ይናገራል። ቅር ብሎኝ አያውቅም፤ ስሜ ይጠራ አላልኩም። ግን አልዋሸንም ነበር! የሦስት ዩሮ ወይን ለሚገዛ ድኃ እንኳ አንድ ቀን ዋሽተን አናውቅም። ለዚያ ፎቶ ብሎ 'የአባትሽን መንደር ወይን ዘንድሮ ውሃ ነው እላለሁ' አለኝ። 'ጥሩ ወይን ነው' አልኩት። 'ማን ያውቃል?' አለኝ። 'እኔ አውቃለሁ' አልኩት። 'አንቺ ማን ነሽ?' አለኝ።»

ፊርማን ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆመ። «ለኛ ብለሽ ነው?»

«ለወይኑ ብዬ ነው።»

«እኔ ስታሰርስ?»

«ምንም አላደረግህም፤ ይለቁሃል ብዬ ነበር።»

«ቅድም የነገርከኝን ንገራት» አለ ፊርማን ወደ ኬርብራ ሳይዞር።

ኬርብራ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «የጠረጴዛው ፎቶ ዛሬ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፤ ከፊት የሚታየው የማኅበሩ ጠርሙስ ነው። ጠዋት የማኅበሩን ወይን ከሁሉም ሱቆች መደርደሪያ አውርዱ ተባልን። ደንበኛ ይሳቀቃል...»

«አንሴልም ሰደባቸው ብሎ የሚተወን ሰው ይኖር ይሆናል» አለ ፊርማን። «የሚያውቀን ግን ይገዛን ነበር፤ እየተንገዳገድንም ቢሆን እስከ መጪው መከር እንደርስ ነበር። አሁን የሬሳ ወይን ለእሁድ ምሳው የሚገዛ ማን አለ፣ ኦዲል?»

ለባሏ ያላለቀሰችው ሴት ያን ጊዜ አለቀሰች። በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና፣ እንደ ልጅ።

ፊርማን በሲልቬት ግራ በኩል የነበረውን ብርጭቆ አንስቶ ቀስ ብሎ ጠጣው።

«ጥሩ ነው፣ አይደል?» አለችው ኦዲል ከእጆቿ ሥር።

«ጥሩ ነው» አላት። «በጣም ጥሩ ነው።»

ኮቱን አንስቶ ማኅበሩን ሊዘጋ ወጣ።