ስሜ የነበረበት ቦታ

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ባታምኑኝም አልቀየምም፤ ሰዓቱን ግን መዝግቤዋለሁ።

ሉማሜ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ፀሐይዋ ደማቅ ነበረች።

እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ለተማሪዎቼ የቴሌግራም ቻናል ነበረኝ። ትምህርቱን የምጽፈው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው አስተያየት ይሰጣል።

ያን ቀን ገብረ ኪዳን የሚባል፣ ፎቶ የሌለው ሰው በእንግሊዝኛ አስተያየት ጻፈ። መሀል መሀሉ ላይ እንግሊዞች ከተዉት ብዙ መቶ ዓመታት ያለፉትን ፊደል ይሰካል።

þ... ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ወገቡ ላይ ያበጠ ሆድ።

«ይህ ፊደል ሞቷል። እዚህ አትጻፍበት» አልሁት።

«ሲሞት ነበርህ?»

«የቀበርሁት እኔ ነኝ» ብዬ አባረርሁት።

ዘጠኝ ተኩል ላይ የመጀመሪያው ትምህርቴ ተለወጠ። ከሦስት ዓመት በፊት የጻፍሁት ነው። ያ ፊደል ገብቶበታል... ከሥሩ «ታርሟል» ይላል።

ቀጥሎ ሁለተኛው።

ሦስተኛው...

የይለፍ ቃሌን ቀየርሁ። አልቆመም። በደቂቃ አንድ፣ በተራ፣ ወደ ዛሬው ጽሑፌ እየመጣ ነው። ከዛሬው ጽሑፍ ሥር ሙሉ ስሜ አለ።

ስሜ ላይ ሳይደርስ ቻናሉን እንዳለ አጠፋሁት።

እፎይ አልሁ።

ከዚያ ደብረ ወርቅ ብራና ለሚጽፉት አጎቴ፣ ለመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ደወልሁ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው።

«ስምህስ?» አሉ።

«አብሮ ጠፋ፣ የኔታ።»

«ማን ፋቀው?»

«እኔው ነኝ።»

በሹክሹክታ፣

«መጽሐፍ ባለቤት ሲለውጥ የፊተኛው ስም ይፋቃል። የአዲሱ በቦታው ይገባል። ያልተፋቀ ላይ አይጻፍም ነበር እኮ፣ ልጄ።»

«አሁን ምን ላድርግ?»

«የጻፍሁልህን ዳዊት ክፈት። ቶሎ።»

ዳዊቱ ግድግዳው ላይ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሜን በቀይ ቀለም ጽፈውልኛል። ከቆዳ ማኅደሩ ሳወጣው ጭኔ ላይ ነጭ ብናኝ ረገፈ።

የብራና ፍቅፋቂ።

ስሜ የነበረበት ቦታ ሳስቷል። በላዩ ላይ በቀይ ቀለም አንድ ፊደል ብቻ ቆሟል። ዘንግ... ሆድ።

«የኔታ» አልሁ።

ስልኩ አልተዘጋም። ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«የኔታ፣ እኔ ነኝ።»

«ይቅርታ» አሉ። «ማን ልበል?»

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው። ቀዩ ቀለም አሁንም እርጥብ ነው።