በቸሩ እጅ የሚያልፍ ወሬ

መተማ ዮሐንስ ላይ እኔን የሚዋሽ ወንድ ገና አልተወለደም። በአማርኛም ይወራ በአረብኛም፣ ውሸት ከሩቁ ይሸተኛል።

በእጅ ሲወራ ግን እንጃ።

ቸሩ ካርቱም ተወልዶ ያደገ ነው። ጦርነቱ ሲነሳ ከእናቱ ከእትዬ መንበረ ጋር በገላባት በኩል ድንበሩን በእግር ተሻግሮ መጣ። እትዬ መንበረ አይሰሙም፣ አይናገሩም፤ ልብስ ይሰፋሉ። እሱ አጠገባቸው ተቀምጦ ሱዳኑን በአረብኛ፣ እኔን በአማርኛ፣ እናቱን በእጁ ያነጋግራል።

እኔ ደህናውን ቀሚሴን ሆን ብዬ እየተረተርሁ እመላለሳለሁ። ለምን እንደሆነ ቸሩ ያውቃል። ሳየው የወደቀ መርፌ የሚፈልግ መስሎ ያጎነብሳል። ውሎ አድሮ ተዋደድን።

«ስለ እኛ ለእናትህ ነገርሃቸው?»

«ነግሬያታለሁ። ትወድሻለች።»

ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ጠረጠርሁ። እኔ ብዙ ስቀባጥር እሱ ጣቱን ወዝወዝ አድርጎ ይጨርሳል። እሳቸው እጃቸው እስኪዝል አውርተው፣ «እሺ ብላለች» ይለኛል። የቀረው የት ሄደ? ስለ ሌላ ሴት ይሆን የሚያወሩት?

አንድ ቀን ፈተንሁት።

«የሰፉልኝ ቀሚስ ጆንያ ይመስላል በላቸው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ እጁን አንቀሳቀሰ። እትዬ መንበረ ፈገግ ብለው ጉንጬን ዳበሱኝ።

«አንተ ውሸታም።»

ዓይኑ እናቱ ላይ ነበር።

«ስርጉት፣ ስለ እኛ አልነገርኋትም» አለ በመጨረሻ። «ጆሮዋም አፏም እኔ ነኝ። አንች ከወሰድሽኝ ደንበኛ ማን ያነጋግርላታል? ይህን ስታስብ ፊቷን ማየት ፈራሁ።»

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። እናቱ ፊት እጁን ያዝሁት።

«እንግዲያው የእጁን ወሬ አስተምረኝ። እኔም እተረጉምላቸዋለሁ። ይህን አሁኑኑ ንገራቸው፤ እንዳትቆርጥ ደግሞ።»

እጁን ከእጄ አስለቅቆ ነገራቸው። ረጅም ነበር። እትዬ መንበረ መቀሱን አስቀመጡ። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ እጃቸው ተነሳ። ቸሩ ከንፈሩን ነክሶ አንገቱን ደፋ።

«ምን አሉ? ሁሉንም ንገረኝ።»

«‹አልሰማም እንጂ አላይም እንዴ? አንተ ሳትወለድ ካርቱም ላይ ማን ነበር የሚያነጋግርልኝ? አስተምራት። ከሁሉ በፊት ግን ዝም ማለት አስተምራት፤ የማልሰማዋ እኔ እንኳ ደከመኝ› አለች።»