የቀዘቀዘ ቱርቦ

ሮስ ሃልዳን በጀርባው ተንጋሎ ዓይኑን ሰማይ ላይ ተክሏል። ከአገጩ በታች፣ በግራ በኩል፣ የጣት ርዝመት ያለው የብረት ስባሪ አንገቱ ውስጥ ተሰክቷል። ደሙ በረዶውን እስከ ብብቱ ድረስ አቅልቶት ረግቷል። ከእሱ አምስት እርምጃ ዝቅ ብሎ፣ የሃርጎ ከተማ ሰው ክረምቱን ሙሉ ሲያወራለት የከረመው የበረዶ ሞተሩ በጎኑ ተጋድሟል። የግራ መከለያው ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የፈነዳ ፍሪሲዮን ይታያል።

ሳጅን ኢርማ ክላሰን ከሬሳው አጠገብ ገና ከመንበርከኳ ከኋላዋ የሚቀፍ ድምፅ ሰማች። የሟቹ ታናሽ ወንድም ኪርክ በእጁ በያዘው ሄልሜት የመካኒኩን የዌይሎን ባትስን አፍ መትቶት ኖሯል። ዌይሎን ተዘረረ። ኪርክ ደረቱ ላይ ወጥቶ ደገመው፤ ሁለት ጥርስ ከደም ጋር በረዶው ላይ ተረጨ።

«አንተ ነህ የበላኸው! ወረቀት የመሰለ መከለያ አልብሰህ! የፍሪሲዮኑን ጋሻ ነቅለህ!»

«እሱ ራሱ ነው ንቀል ያለኝ!» ዌይሎን ደሙን እየተፋ ጮኸ። «ተው ብዬዋለሁ! ለምኜዋለሁ!»

ኢርማ ኪርክን በኮሌታው ይዛ ጎትታ ጣለችው። ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ቀጭን ሴት ናት፤ በጎረምሳ ግን አትበገርም።

«አንድ ሬሳ ይበቃኛል» አለች። «ሁለተኛ ብትነካው በካቴና ነው የምትወርደው። አሁን ቁጭ በልና ንገረኝ።»

ኪርክ ፊቱን በጓንቱ እየሞዠቀ ተናገረ። ሮስ አዲሱን ቱርቦ ልሞክረው ብሎ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ብቻውን ወጣ። ኪርክና ዌይሎን አራት ሰዓት ላይ እላይ ካለችው ጎጆ ሊያገኙት ተቀጣጥረው ነበር። ሲደርሱ ጎጆዋ ጋ የለም። ቁልቁል ቢያዩ ከገደሉ ሥር ወድቋል። ወዲያው በሳተላይት ስልክ ፖሊስ ጠሩ።

«ወደዚህ የሚያመጣ ሌላ መንገድ አለ?»

«የለም። በዚህም በዚያም ገደል ነው። የተዳመጠው መንገድ ብቻ ነው ያለው።»

ኢርማ ወደ ሞተሩ ወረደች። በጉልበቷ ተንበርክካ እጇን በቱርቦው ቱቦ ሥር ሰደደች፤ ጭብጥ በረዶም አወጣች። እንደ ዱቄት ደረቅ ነው። ከጣቶቿ መሀል ብን ብሎ ጠፋ። ቱቦውን ዙሪያውን ዳበሰችውና ተነሣች።

ወደ ታች ስትመለስ ከጎጆዋ በታች ሞተሯን አቁማ መንገዱን ቁልቁል ተመለከተች። የማታው በረዶ ሌሊት ካቆመ ወዲህ አልጣለም። በረዶውን የሚደለድለው ዳማጭ መኪና የሠራው መስመር እንደ ሐር ጥለት ተዘርግቷል። በላዩ ላይ፣ የፖሊሶቹን ሳይጨምር፣ ሽቅብ የወጡ ዱካዎችን ቆጠረች። ሁለት ናቸው። ሁለቴ ደግማ ቆጠረች፤ ያው ሁለት።

በተራራው ግርጌ ካለችው የዳማጩ መኪና መጠለያ በር ላይ ቨርነን ፕሮኮፕ ቆመዋል። ስድሳ ዓመት የሞላቸው፣ በወጣትነታቸው እንጨት ቆራጭ የነበሩ፣ አሁን ሌሊት ሌሊት የተራራውን መንገድ የሚዳምጡ ሰው ናቸው። አንድ ልጃቸው ኬድ አምና የካቲት ላይ ከሮስ ጋር ወጥቶ የበረዶ ናዳ በልቶት ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ፊታቸው ላይ ሥጋ አልተመለሰም።

«ሮስ ነው አሉኝ» አሉ ሻይ እየቀዱላት። «ይቺ ተራራ አትጠግብም ልጄ።»

«እርስዎ ዛሬ ስንት ሰዓት ወጡ?»

«ሌሊት ወጥቼ ሳይነጋ ወረድኩ። አንድ ሰዓት ላይ ሮስ ሲያልፍ እኔ እዚሁ ነበርኩ፤ እጁን አውለበለበልኝ። ሞተሩ መኪናው ላይ እንደተጫነ ነው ያለፈው።»

«የሰሙት ነገር አለ?»

«እንዴት አልሰማም! ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ያ የእሽቅድምድም ማርሚታው እንደሚታረድ ከብት ሲጮህ እስከዚህ ይሰማ ነበር። ሽቅብ ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ ከዚያ ዷ! አለና ጸጥ።» ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ ያለውን ነገር ለምን ይገጥሙታል? የዱሮው ሞተር ምን አነሰው?»

ከሰዓት በኋላ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ደወለ።

«አንድ ቀዳዳ ነው፤ ውስጡ ግን ሁለት መንገድ አለው» አላት። «ብረቱ ገብቶ፣ ወደኋላ ተስቦ፣ ዞሮ እንደገና ገብቷል። ሁለተኛው የአከርካሪውን አጥንት ነክቷል። በጣም የተናደደ ክንድ ነው።»

«የሚበር ብረት ተመልሶ አይወጋም» አለች ኢርማ።

«እኔ እስካሁን አላየሁም።»

በከተማው መሀል ባለው በሮስ የጥገና ጋራዥ ውስጥ ዌይሎን ከንፈሩ ተሰፍቶ፣ ጉንጩ አብጦ፣ ከሞተሩ አጠገብ ቆሟል። ደጅ ላይ አንድ ሰው «ነፍሰ ገዳይ!» ብሎ በመስኮቱ ድንጋይ ወረወረ። ዌይሎን መስታወቱን እንኳ አላነሣውም።

«ቀስ ብለህ አስረዳኝ» አለችው። «ምን ምን መረጠ? ለምን?»

«መጀመሪያ በጎማ ፈንታ የሚሄድበትን ሰንሰለት ቀየርን። ረዘም ያለ፣ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ፤ ለስላሳ በረዶ ውስጥ እንዳይሰምጥ። ከዚያ ቱርቦ። እላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ቱርቦ ትንፋሹን ይመልስለታል። ቱርቦው ደግሞ ክብደት ጨመረ። ስለዚህ ከሌላው ቦታ መቀነስ አለብን አለ። ወንበሩን፣ መከለያውን፣ በመጨረሻ የፍሪሲዮኑን ጋሻ። እዚያ ላይ ተጣላን። ‹ፍሪሲዮን ቢፈነዳ ምን ይይዘዋል?› አልኩት። ‹አዲስ ከገጠምክልኝ ለምን ይፈነዳል?› አለኝ።»

«አዲስ ገጥመህለታል?»

«ባለፈው ማክሰኞ።»

«እስቲ የፈነዳውን እየው።»

ዌይሎን ስባሪዎቹን በእጁ ገለበጣቸው። ድንገት ቆመ። ከውስጥ አንዲት ትንሽ ብረት አውጥቶ ወደ መብራቱ አስጠጋት።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለ በሹክሹክታ። «ሳጅን፣ ይሄ የኔ አይደለም! ለቱርቦ ፍሪሲዮኑ ውስጥ ከባድ ሚዛን ነው የሚገባው፤ ሰባ አራት ግራም የገጠምኩት። ይሄ ስድሳ ሁለት ይላል። አምና የፈነዳ የደንበኛ ፍሪሲዮን ነው። ከጋራዡ ጀርባ የብረት ክምር ላይ ወድቆ ነበር!»

«ክምሩ ላይ ማን ይደርሳል?»

ዌይሎን ትከሻው ወረደ። «የከተማው ሰው ሁሉ።»

የሟቹ ሚስት ማርሊስ በኩሽናዋ ጠረጴዛ ላይ ክርኗን አስደግፋ ጠበቀቻት። ሮስ ሳይበላው የሄደውን የእንቁላል ሳንድዊች ከነመጠቅለያው አላነሣችውም።

«ከኬድ ሞት ወዲህ ጆሮው ይጮህበት ነበር» አለች። «ሌሊት ይነሣና ይቀመጣል። ሐኪሙ ከጩኸት ራቅ አለው። ትናንት ከሰዓት እዚህ ቤታችን ያለው ጋራዥ ውስጥ ብቻውን ገባና ያን የሚያብረቀርቅ ማርሚታ ፈቶ ፋብሪካው የሠራለትን ጸጥተኛውን መለሰ። ‹ለማንም እንዳትናገሪ፣ አረጀህ ብለው ይስቁብኛል› አለኝ።»

«የተፈታው የት አለ?»

ማርሊስ በሩን ከፈተችላት። የእሽቅድምድሙ ማርሚታ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ኢርማ አራቱንም በሮስ ጋራዥ ሰበሰበቻቸው። ሞተሩ መሀል ላይ ቆሟል። ማርሊስ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ዌይሎን ከመስኮቱ ሥር፣ ኪርክ ከበሩ አጠገብ፣ ቨርነን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከግድግዳው ተደግፈዋል። ሁለት ፖሊሶች ደጅ ቆመዋል።

«ሁላችሁም ሮስ የሞተው በመረጠው ዕቃ ነው ብላችኋል» አለች ኢርማ። «እኔ ግን ከቱርቦው ልጀምር። በሙሉ ኃይል ሲሠራ የቆየ ቱርቦ እንደ ምድጃ ይግላል። በረዶ ውስጥ ቢወድቅ ዙሪያውን አቅልጦ ዋሻ ይሠራል፤ ውሃውም መልሶ ግግር ይሆናል። ከዚህኛው ሥር ያወጣሁት በረዶ ዱቄት ነበር። ሞተሩ ሲወድቅ ቀዝቃዛ ነበር ማለት ነው። የጠፋ ሞተር ደግሞ ፍሪሲዮን አያፈነዳም።»

«ሁለተኛ፣ የፈነዳው ፍሪሲዮን የዚህ ሞተር አይደለም። ሰው አምጥቶ ነው የገጠመው። ሦስተኛ፣ ሮስን ብረቱ ሁለት ጊዜ ወግቶታል። ስለዚህ የምንፈልገው የቆመ ሞተር አጠገብ ሮስን አግኝቶ የገደለውን፣ ፍሪሲዮኑን የቀየረውን፣ መከለያውን በመዶሻ የበሳውን፣ ከዚያ ሁለቱንም ወደ ገደሉ የገፋውን ሰው ነው።»

«ዌይሎን!» ኪርክ ተንደረደረ።

«ቁም! አንተና ዌይሎን እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ከተማ ውስጥ ቁርስ ስትበሉ ነበር፤ አስተናጋጇ መስክራለች። ደግሞም እናንተ ትታችሁት የሄዳችሁት ዱካ አለ። ሁለት ሞተር፣ ሁለት ዱካ። ታዲያ የሮስ ዱካ የት ሄደ? ከእናንተ በፊት በዚያው መንገድ ወጥቷል። ክንፍ የለውም። ዱካው የጠፋው አንድ ነገር በላዩ ላይ ስላለፈበት ነው።»

ማርሊስ ቀስ ብላ አንገቷን ወደ ቨርነን አዞረች።

«ጋሽ ቨርነን» አለች ኢርማ፣ «ሳይነጋ ወረድኩ ብለውኛል። መንገዱ ግን የተዳመጠው ሮስ ከወጣ በኋላ ነው። ሁለተኛው ቃልዎ ደግሞ ማርሚታው ሲጮህ ሰማሁ ነው። ያ ማርሚታ ከትናንት በስቲያ ከሰዓት ጀምሮ ማርሊስ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሮስ የወጣው በጸጥተኛው ነው፤ ከታች ሆኖ የሚሰማው ጆሮ የለም። እርስዎ እላይ ሲደርሱ ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበር ድምፁ መለወጡን አላወቁም።»

«ሽማግሌ ጆሮ ይሳሳታል» አሉ ቨርነን።

ኢርማ ከቦርሳ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ያልተሰበረ፣ አዲስ ፍሪሲዮን ነው። «ይህን ዛሬ ጠዋት ከዳማጩ መኪና የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ አገኘነው። ዌይሎን፣ ሚዛኑን አንብበው።»

«ሰባ አራት» አለ ዌይሎን።

ቨርነን ባርኔጣቸውን መሬት ላይ ጣሉት።

«ነሐሴ ላይ በረዶው ሲቀልጥ የኬድን ሞተር አገኘሁት» አሉ። «መሪው ላይ ካሜራ ነበረው፤ ናዳው መሪውን ሳይሸፍነው ቀርቶ ሁሉን ቀርጿል፤ የቀበረው በኋላ የጣለው በረዶ ነው። አየሁት። ልጄ ከሥር ተቀብሮ፣ ይሄ ሰው የራሱን ሞተር ነው የሚቆፍረው! ዘጠኝ ደቂቃ! ሐኪሙ ኬድ አስራ አምስት ደቂቃ ያህል በሕይወት ነበር ብሎኛል።» ወደ ማርሊስ ዞሩ። «ቺንጋውን ሊያይ ኮፈኑን ከፍቶ አጎንብሶ ነው ያገኘሁት። ‹ኬድን ወዲያው ነው የቆፈርከው?› አልኩት። ‹ወዲያው ነው ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ አላባከንኩም› አለኝ። ዓይኔን እያየ! እውነቱን ቢነግረኝ ምናልባት እመለስ ነበር። ከክምሩ ያነሣሁትን ስባሪ ሰካሁበት። አንገቴን አነቀኝ፤ ስቤ ደገምኩት። እጁ እስኪላላ ድረስ ያዝኩት።»

ኪርክ ከመደርደሪያው ላይ መፍቻ ነጥቆ ዘለለ። ብረቱ የሽማግሌውን ትከሻ ሲሰብረው ድምፁ ተሰማ። ሁለተኛውን ሳይሰነዝር ዌይሎን ከኋላ ወገቡን አቅፎ ይዞት ወደቀ፤ በዚያ በተሰፋ አፉ «በቃ! በቃ ወንድሜ!» ይላል። ፖሊሶቹ ገቡ። ቨርነን ክንዳቸው ተንጠልጥሎ ወጡ።

ካሜራው ሽማግሌው ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ኢርማ ቢሮዋ ተቀምጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየችው። ሲያበቃ ይዛው ወደ እስር ክፍሉ ሄደች። ቨርነን ትከሻቸው በፋሻ ታስሮ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል።

«እስከ የት ድረስ ነው ያዩት?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«ሞተሩን ሲቆፍር እስካይ። አባት ነኝ። ከዚያ በላይ ምን ልይ? መሬት ላይ ወረወርኩት።»

ኢርማ ካሜራውን ከፍታ በፊታቸው ያዘችው። ሮስ በባዶ እጁ በረዶውን ይቧጥጣል፤ ጥፍሩ ተላልጦ ደም ይታያል። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ የሞተሩ ወንበር ብቅ አለ። ሮስ ሞተሩን አልነካውም። ከወንበሩ ኋላ የታሰረውን ቦርሳ በጥርሱና በእጁ ቀደደው፣ አካፋ መዞ አወጣና ወደ ግራ ሮጠ።

«ናዳ ሞተሩን ቢቀብረው ከሰው እንዳይለይ አካፋ በጀርባ ነው የሚያዘው፤ እሱ ግን ጀርባው እንዲቀለው ብሎ ሞተሩ ላይ አስሮት ነበር» አለች። «ሰዎችን ሁሉ እንዳታደርጉ የሚላቸውን ነገር ራሱ አድርጎታል። በዚህ አፍሮ ነው የዋሸዎት።»

ከካሜራው ቀጭን ድምፅ ይወጣል።

«ምንድን ነው የሚለው?» አሉ በመጨረሻ። «ጨምሪው።»

ጨመረችው። ከሥዕሉ ውጭ የአካፋ ምትና የሰው ጩኸት ይሰማል። ኬድ! መጣሁ! ኬድ!

«እስከ መቼ ነው የጠራው?» አሉ ሽማግሌው።

«ካሜራው እስኪጠፋ ድረስ» አለች ኢርማ።