ያልተቆረጠው ከረሜላ

ሐጂያ ፈድሊያ ጅሬን ባለው ቤታቸው፣ ማድ ቤቱ ወለል ላይ፣ የለውዝ ከረሜላ ስባሪ አፋቸው ውስጥ እንዳለ ሞተው ተገኙ። ሁሉም «ከረሜላ አንቋቸው ነው» አለ። ሐኪሙ ግን በጨርቅ ታፍነው እንደሞቱ ተናገረ። ይኼኔ ዘመድ ጎረቤቱ ጣቱን ዩምና ላይ ቀሰረ፤ ስድስት ዓመት አብራቸው ከረሜላ የሠራችው ልጅ ላይ! ኢንስፔክተር ዳባ ሲደርስ እጇ በካቴና ታስሯል። ደሙ ፈላ።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» ብሎ ጮኸባቸው። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረ። «የት ነበርሽ?»

«ስኳሩንና ማሩን አብረን አፈላን። ከዚያ ሐጂያ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ላለ ሠርግ ቤት ትእዛዝ አድርሺ ብለው ላኩኝ። ማሎ ጋሼ፣ እኔ እሳቸውን?»

«አታልቅሺ። ከረሜላው ትሪው ላይ ከፈሰሰ በኋላስ ምን ይደረጋል?»

«ወዲያው በቢላ ይቆረጣላ! ከቀዘቀዘ ድንጋይ ነው። ሐጂያ ሳይቆርጡ በር ቢንኳኳ እንኳ አይከፍቱም።»

ዳባ ትሪውን አየ። ከረሜላው ላይ አንድም የቢላ መስመር የለም። አንድ ጥግ ብቻ ተሰብሯል፤ አጠገቡ ዘነዘና ወድቋል። ከአስከሬኑ አፍ የወጣውን ስባሪ አምጥቶ ክፍተቱ ላይ ቢያስቀምጠው ልክክ አለ።

ሬሳውን ያገኙት ጎረቤቲቱ ብርሃንነሽ ነበሩ። «ከሐጂያ ጋር በማድ ቤታቸው ጭስ እንጣላ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ደግ ነበሩ፤ ስሞት ቤቱ ለዩምና እንዲሆን ኑዛዜ ላጽፍ ነው ይሉ ነበር። ረፋድ ላይ የዘነዘና ድምፅ ሰምቼ ቡና የሚወቅጡ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

የሟቿ የእህት ልጅ ሙርሺድ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ መለሰ። «ረፋድ ላይ መጥቼ ነበር። ወላሂ ደህና ነበሩ! ትኩሱን ቆርጠው ሁለት ፍሬ አበሉኝ፤ እየሳቁ ሸኙኝ።»

ዳባ ሦስቱንም ትሪው ዙሪያ አቆማቸው።

«ከረሜላው ከፈሰሰ በኋላ ለመቁረጥ ያለው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና አያስጠጣም። ሐጂያ አልቆረጡትም፤ ስለዚህ ገና ትኩስ እያለ ሞተዋል። አፋቸው ውስጥ ያለው ግን ከቀዘቀዘ በኋላ በዘነዘና የተሰበረ ነው። ሬሳ ከረሜላ ይበላል? ገዳዩ አፍኗቸው፣ ታንቀው የሞቱ ለማስመሰል ሰብሮ አጎረሳቸው። ዩምና ብትሆን አመሏ ነውና ትኩሱን ትቆርጠው ነበር። ብርሃንነሽ የሰሙትን የዘነዘና ድምፅ ገዳይ ቢሆኑ ባልነገሩኝ። አንተ ሙርሺድ፣ ቆርጠው አበሉኝ ያልከው የትኛውን ነው? ከትሪው የጎደለው ያ አንድ ስባሪ ብቻ ነው!»

«እኔ... ሌላ ቀን መሰለኝ...»

«የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ! ቤቱን ለዩምና ሳይናዘዙ ቀድመህ ልትወርስ ነው ያፈንካቸው!»

ሙርሺድ ወደ በሩ ሲሮጥ ፖሊሶቹ ያዙት። ካቴናው ከዩምና እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ላይ ገባ።

ቅድም ጣታቸውን የቀሰሩት ዘመዶች «አይዞሽ ልጄ፣ እኛ እኮ...» እያሉ ተጠጓት። ዩምና ታስሮ የነበረውን የእጇን አንጓ እያሻሸች አየቻቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ከእጇ ከረሜላ የበሉ ሰዎች ናቸው።

«ውጡልኝ!» አለች። «ከሐጂያ ማድ ቤት ሁላችሁም ውጡልኝ!»